ታንኳ መቅዘፍን ከቢሮ ሥራ ጋር እንዴት ላስማማው?

የተከበራችሁ የጣና ዳር ቀዛፊዎች፣

በባሕር ዳር በመንግሥት መሥሪያ ቤት የምሠራ ሰው ስሆን፣ በልጅነቴ አያቴ ያስተማሩኝን የደንገል ታንኳ ቀዘፋ በዚህ በጋ እንደገና ብጀምርም ከሥራ ሰዓቴ ጋር ማስማማት ስላቃተኝ ምክራችሁን በአክብሮት እጠይቃለሁ። ሥራ የምገባው 2፡30፣ የምወጣውም 11፡30 ነው። በታኅሣሥና በጥር ፀሐይ የምትወጣው 12፡30 አካባቢ በመሆኑ፣ ውኃው ረግቶ በሚተኛበት በዚያ ማለዳ መንገዱና ልብስ መቀየሩ ሲቀነስ ከአንድ ሰዓት በላይ አይተርፈኝም፤ ጣቶቼም በብርዱ ደንዝዘው መቅዘፊያውን በቅጡ አይጨብጡም። ከሥራ ስወጣ ደግሞ ወዲያው ይመሻል፤ ጉማሬዎች ለግጦሽ የሚወጡት በዚያው ሰዓት ስለሆነ፣ በተለይ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ መቅዘፍን አልደፍርም።

ይበልጥ ያስጨነቀኝ ታንኳው ራሱ ነው። ደንገል ውኃ ስለሚጠጣ ከቀዘፋ በኋላ አቁሞ ፀሐይ ማስመታት ያስፈልጋል፤ እኔ ቢሮ ስውል ግን የሚያገላብጥልኝ የለም። ባለፈው ሳምንት ሆዱ ጠቁሮና ለስልሶ፣ ማሰሪያውም ላልቶ አገኘሁት። ደመወዝተኛ ሆናችሁ የምትቀዝፉ፣ ታንኳችሁን የት ታደርቃላችሁ? በሳምንት ሁለት ማለዳ ብቻ መቅዘፍስ ክንድን ለማጠንከር ይበቃል?