«ሠራተኛና ማኅበራዊ ጉዳይ»፦ ሠራተኛው ማን ነው? ጉዳዩስ የማን?

መዝገብ ገላጭ፦
ጤና ይስጥልን። የድሮና የአሁን መሥሪያ ቤቶችን ስም ከነፍቺው እየሰበሰብሁ ነው። ሌላው ሁሉ ሲሄድልኝ ቆይቶ «የሠራተኛና ማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስትር» የሚለው ሹመት ላይ ስደርስ እጄ ተያዘ። የጦር ሚኒስትር ቢሉ ጦሩ ይታወቃል፤ የገንዘብ ቢሉ ገንዘቡ ይቆጠራል። እዚህ ግን «ሠራተኛ» የተባለው ማን እንደሆነ፣ «ማኅበራዊ ጉዳይ»ም የምን ጉዳይ እንደሆነ ስሙ ራሱ አይነግረኝም። በዚያ ላይ በ2014 ዓ.ም. «ሥራና ክህሎት» ሆነ። ቃሉ ብቻ ነው የተለወጠው ወይስ ከቃሉ ጋር የሄደ ነገር አለ? የምታውቁትን ወዲህ በሉ።

ግዕዝ ቀማሽ፦
እኔ ከጅራቱ ልነሳ። ጠያቂያችን ሹመቱን «ሚኒስትር» ብሎ በትክክል ጽፎታል፤ ብዙ ዜና ጸሐፊ ግን ይስተዋል። ሚኒስትር ሹሙ ነው፣ ሚኒስቴር ቤቱ። ሁለቱም ከፈረንሳይኛ የመጡ ናቸው፤ ልዩነታቸውንም ከዚያው ይዘው ነው የመጡት። «ሚኒስቴሩ ለጉብኝት ወደ ውጭ ተጓዙ» ብሎ የጻፈ ሰው ሕንፃውን ከነመሠረቱ አውሮፕላን አሳፍሮታል። ሚኒስትር ዴኤታም የዚያው ቤት ልጅ ነው፤ ዴኤታ የተባለው በፈረንሳይኛ «የመንግሥት» ማለት ነው። ፈረንሳዮቹ ዘንድ ከተራ ሚኒስትር ከፍ ላለ ሰው የሚሰጥ የክብር ማዕረግ ሲሆን እኛ ዘንድ ከሚኒስትሩ ዝቅ ያለ ሹም ሆነ። ባሕር ሲሻገር ማዕረጉ ተቀነሰበት።

ጡረተኛው፦
ልጄ መዝገብ ገላጭ፣ መጀመሪያ ሹመቱ ከሌሎቹ ጋር እኩል ያልተወለደ መሆኑን ያዝ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሲሾሙ ጦሩን ለፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ፣ ፍርዱን ለአፈ ንጉሥ ነሲቡ፣ ጽሕፈቱን ለጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ ሰጡ። የሠራተኛ ሚኒስትር የሚባል አልነበረም። ነገር ግን በዚያው ዓመት ሠራተኛን በሥራው መስደብ ይቅር የሚል አዋጅ አስነግረዋል፤ ብረት ሠሪውን ጠይብ፣ ጸሐፊውን ጠንቋይ እያሉ ማዋረድን የሚከለክል። እዚያ አዋጅ ውስጥ «ሠራተኛ» ማለት ባለ እጅ ነው፤ አንጥረኛው፣ ሸማኔው፣ በገዛ እጁ ሠርቶ የሚበላው ሁሉ። አሠሪ የለውም፣ ደመወዝ የለውም። አንተ ዛሬ «ሠራተኛ» ስትል የምታስበው ተቀጣሪ ያን ጊዜ ገና የቃሉ ባለቤት አልሆነም።

ተቀጣሪው ቃሉን የወረሰው ፋብሪካና የባቡር ድርጅት እየበዛ ሲሄድ ነው። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 47 ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በፈለገው ሥራ የመሰማራትና ለዚሁ ማኅበር የማቋቋም መብት እንዳለው አሰፈረ። በ1955 ዓ.ም. የሠራተኛ ማኅበራት በአገር ደረጃ አንድ ሆኑ፤ የአሠሪና የሠራተኛን ግንኙነት የሚገዛው አዋጅ ቁጥር 210 በ1956 ዓ.ም. ወጣ። ይህ ሁሉ ሲሆን ጉዳዩን የሚያየው የሕዝብን ኑሮ ለማሳደግ የቆመው ሚኒስቴር ነበር፤ ሠራተኛ የሚለው ቃል በስሙ ላይ አልነበረም። ሠራተኛው ከሚኒስቴሩ በር ላይ የተጻፈው በደርግ ዘመን ነው። አብዮቱ በሠራተኛው ስም ስለሚምል ስሙን በር ላይ ሳይጽፍ አይቀርም።

የሕግ ተማሪዋ፦
ጋሼ ጡረተኛው ያነሱትን ልቀጥልበት፤ ምክንያቱም የቃሉ ታሪክ እዚያ አላበቃም። አሁን በሥራ ላይ ያለውን የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን ክፈቱ። አንቀጽ 3 ላይ አዋጁ የማይመለከታቸው ተዘርዝረዋል። የሥራ መሪ አይገባም። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ተቀጣሪ በራሱ ሕግ ስለሚተዳደር አይገባም፤ ፖሊስ፣ ወታደር፣ ዳኛ፣ ዐቃቤ ሕግም እንዲሁ። እንደገና ደግሞ ለግል አገልግሎት የተቀጠረ ሰው አይገባም፤ የእርሱን የሥራ ሁኔታ የሚኒስትሮች ምክር ቤት በደንብ ይወስናል ተብሎ ለብቻው ተቀምጧል።

እንግዲህ በየቤታችን «ሠራተኛ ቀጠርን፣ ሠራተኛችን ሄደችብን» የምንላት ልጅ ማን ናት? ለግል አገልግሎት የተቀጠረች ናት። በአማርኛ ሰው ሁሉ ያለ ቅጽል «ሠራተኛ» ብሎ የሚጠራት እርሷን ነው፤ በሠራተኛ አዋጅ ግን ሠራተኛ አይደለችም። «የመንግሥት ሠራተኛ» የሚለውም እንደዚሁ ነው፤ ስሙ ውስጥ ቃሉ አለ፣ አዋጁ ውስጥ ሰውየው የለም።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ደግሞ ወደ ሌላ ጫፍ ይወስደናል። አንቀጽ 42 ስለ ሠራተኞች መብት ሲናገር የፋብሪካና የአገልግሎት ሠራተኞችን ብቻ ሳይሆን ገበሬዎችን፣ የእርሻ ሠራተኞችንና ሌሎች የገጠር ሠራተኞችን፣ ከተወሰነ የኃላፊነት ደረጃ በታች ያሉ የመንግሥት ሠራተኞችንም በማኅበር የመደራጀት መብት ሲሰጥ አብሮ ይጠራቸዋል። ስለዚህ ለመዝገብህ አንድ ፍቺ አይበቃህም። የሕገ መንግሥቱ ሠራተኛ ሰፊ ነው፣ የአዋጁ ጠባብ፣ የቤቱ ደግሞ አንዲት ልጅ።

መዝገብ ገላጭ፦
እኅቴ፣ ይህን አላሰብሁትም ነበር። ለመሆኑ ደርግ ያን ያህል «ወዛደር» እያለ ሚኒስቴሩን ለምን «የወዛደር» አላለውም?

ግዕዝ ቀማሽ፦
ወዛደር የተፈጠረ ቃል ነው፤ ወዝ አደር፣ በወዙ የሚያድር። «አደር» አማርኛ ውስጥ አንድን ሰው በሚኖርበት ነገር ለመጥራት ምቹ ነው፤ አርሶ አደር፣ አርብቶ አደር የሚሉት በዚህ መንገድ ተሠርተዋል፣ ሠርቶ አደርም የጋዜጣ ስም እስከ መሆን ደርሷል። ላብ አደርም አለ። ወዝና ላብ ሲታዩ ጎረቤት ናቸው፣ የፖለቲካ ድርጅቶቹ ግን አንዱን ወይም ሌላውን እንደ ዓርማ ይዘውት ነበር፤ በአብዮቱ ዘመን ወዝ ሊግ (የወዛደር ሊግ) የሚባል የፖለቲካ ድርጅት እንደነበረ አስታውሱ። ቃሉን ሲጠቀም የሰማኸው ሰው የማን ወገን እንደሆነ ከአፉ ትገምታለህ።

ደመወዝ ውስጥም ብዙ ሰው ደምንና ወዝን ያያል። ደርሶ የሚገርመኝ ይህ ነው፤ ደመወዝ የሚለው ቃል ወዙን ይዞ እስከ ዛሬ በየወሩ ይነሣል፣ ወዛደር ግን ከመፈክሩ ጋር አብሮ ወረደ።

ጡረተኛው፦
ለጥያቄህ መልሱ እዚያው ዘመን ውስጥ አለ። የደርግ ፓርቲ ሲመሠረት ስሙ የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲ ነበር እንጂ የወዛደሮች ፓርቲ አልተባለም። ወዛደር ለመፈክር ነው፣ «ወዛደራዊ ዓለም አቀፋዊነት» ለሰልፍ ነው። ለመሥሪያ ቤት ማኅተም ግን «ሠራተኛ» ይሻላል። ወዛደር የሚባል ማኅተም የተመታበት ደብዳቤ ይዞ ባንክ መሄድ ይከብዳል መሰለኝ።

ተረበኛው፦
ስለ «ጉዳይ»ስ ማንም አልተናገረ። ባለ ጉዳይ፣ ጉዳይ አስፈጻሚ፣ ጉዳይ ገዳይ። ሦስቱም አንድ ቢሮ ደጃፍ ላይ ይገኛሉ። ባለ ጉዳዩ ይጠብቃል፣ አስፈጻሚው ይሮጣል፣ ገዳዩ ይበላል።

በነገራችን ላይ የታናሽ ወንድሜ ልጅ «ማኅበራዊ ጉዳይ» ሲባል ማኅበራዊ ሚዲያን የሚቆጣጠር መሥሪያ ቤት መስሎት ነበር። አልፈረድሁበትም፤ እርሱ ባደገበት ዘመን «ማኅበራዊ» ከ«ሚዲያ» በቀር ምን ጎረቤት አለው?

ግዕዝ ቀማሽ፦
ተረበኛው ቀልዶ ዋናውን ነካ። «ጉዳይ» የተመረጠው ምንም ስለማይል ነው ባይ ነኝ። ሌላ አገር «የሠራተኛና የደኅንነት ሚኒስትር» የሚል ማዕረግ አለ፤ ደኅንነት ሲባል የሰው ኑሮ ደኅና መሆን። በአማርኛም ይህ ፍቺ ሙሉ መብት አለው፤ «ደኅና ነህ ወይ?» ስንል የምንጠይቀው እርሱን ነው። በ1989 ዓ.ም. የወጣው ፖሊሲ «ልማታዊ ማኅበራዊ ደኅንነት» ተብሎ ነበር። ግን እስቲ «ማኅበራዊ»ን አንሡና «የሠራተኛና የደኅንነት ሚኒስትር» በሉ። ሰሚው ደኅና ነኝ አይልም፣ ዙሪያውን ያያል። «ደኅንነት» ለብቻው ሲቆም የሚጠራው ሌላ ቤት ነውና። ስለዚህ ደኅንነት ያለ አጃቢ ቅጽል መሥሪያ ቤት ስም ላይ አይወጣም፤ ቦታውን «ጥበቃ»፣ «ዋስትና»፣ ሲጠፋም «ጉዳይ» ይይዙለታል።

«ማኅበራዊ» ራሱ መልኩ የመጽሐፍ ነው፤ ማኅበር ከግዕዙ ኀብረ፣ ተባበረ፣ «-አዊ» ቅጽል ማውጫ። ማኅበር ግን መንግሥት ሳያውቀው ኖሯል። የጽዋ ማኅበር የታመመ ሲጠይቅ፣ ያዘነ ሲያጽናና ቆይቷል፤ እድሩም እንዲሁ። በቃሉ ውስጥ መረዳዳቱ አስቀድሞ ነበረ፣ ሚኒስቴሩ ቅጽሉን ብቻ ተዋሰ።

ጡረተኛው፦
እኔን የሚመለከተኝን ቃል ልጨምር። ጡረታ። ሥሩ ጦረ ነው፤ ልጅ አባቱን ጦረ፣ እናቱን ጦረ፣ ማለት በእርጅናቸው መገበ፣ አለበሰ። ጧሪ ቀባሪ የሌለው ሲባል ከዚህ የከፋ ድህነት የለም፤ ሲኖር የሚመግበው፣ ሲሞት የሚያሳርፈው የለውምና። በማኅበራዊ ጉዳይ ደብዳቤዎች ውስጥ «ጧሪና ደጋፊ የሌላቸው አረጋውያን» የሚል ሐረግ ስታገኝ ይኸው የሕዝቡ አነጋገር ወደ ቢሮ ገብቶ ነው፤ «ቀባሪ» በ«ደጋፊ» ተተክቶ፣ ሞት ከደብዳቤው ወጥቶ።

የመንግሥት ሠራተኛ ጡረታ በ1950ዎቹ ሕግ ሲወጣለት የልጅ ሥራ የነበረው የመንግሥት ሆነ። የግል ድርጅት ሠራተኛ ግን በአዋጅ ቁጥር 715/2003 እስኪታቀፍ ድረስ ብዙ ቆየ፤ እስከዚያ ድረስ ሹሙ «የሠራተኛና ማኅበራዊ ጉዳይ» ቢባልም ሁለቱ ቃላት ለግሉ ሠራተኛ ሳይገናኙ ነው የኖሩት። ሠራተኛ ሳለ ሠራተኛ፣ ሲያረጅ ማኅበራዊ ጉዳይ።

መዝገብ ገላጭ፦
ጋሼ፣ ይህችን የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር መዝገቤ ላይ አሰፍራታለሁ፣ ይፍቀዱልኝ። ወደ 2014ቱ እንለፍ?

የሕግ ተማሪዋ፦
አዋጅ ቁጥር 1263/2014 ስሙን ለሁለት ከፈለው። «ማኅበራዊ ጉዳይ» ከሴቶች ጉዳይ ጋር ተጣምሮ የሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴር ሆነ። የሠራተኛው ወገን ደግሞ የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር። ሹመቱን ብታዩ ክፍፍሉ ይበልጥ ይገባችኋል፤ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ የሠራተኛና ማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስትር የነበሩት ዶ/ር ኤርጎጌ ተስፋዬ ከ«ማኅበራዊ ጉዳይ» ጋር ሄዱ፣ ሥራና ክህሎቱን ወ/ሮ ሙፈሪያት ካሚል ያዙት።

እኔ የምከራከረው ስለ አንድ ነገር ነው። በድሮው ስም ላይ ሰው ነበር፤ ሠራተኛ። በአዲሱ ስም ላይ ሁለት ነገሮች አሉ፤ ሥራና ክህሎት። ሥራ ይፈጠራል፣ ክህሎት ይሰጣል፣ ሁለቱም አይከሱም፣ አይከሰሱም። አሠሪው የበደለው ሰው ወደዚያ ቤት ሲሄድ ስሙን በር ላይ አያገኘውም። ሥልጣኑ አልተነካም በሉኝ፣ እቀበላለሁ፤ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አሁንም እዚያው ነው። ስም ግን ለባለ ጉዳይ የመጀመሪያው ሰነድ ነው።

ጡረተኛው፦
ልጄ፣ እውነት አለሽ፣ ግን ከመጠን አታልፊ። ይህ ቤት የሥራ ዕድል ፈጠራ ኮሚሽንን ሥራና የቴክኒክና ሙያ ሥልጠናውን ሁሉ ጠቅልሎ ነው የተነሣው። ገና ሥራ ያላገኘው ወጣት «ሠራተኛ» አይደለም፤ በድሮው ስም እርሱ ነበር በር ላይ ያልተጻፈው። ሥራ አጥ ከሠራተኛው በላይ በሚጮህበት አገር ስሙ ወደ ሥራ ቢያዘነብል አይገርምም።

ግዕዝ ቀማሽ፦
እዚህ ላይ ሁለት ነገር አለኝ። «ክህሎት» የግዕዙ ክህለ፣ ቻለ፣ ነው፤ ከሃሊ ስንል ሁሉን ቻይ ማለታችን ነው። ስለዚህ ሚኒስቴሩ የሥራና የመቻል ሚኒስቴር ነው፤ በጣም ያምራል። «ሥራ» ግን ችግር አለበት። ከ1998 እስከ 2003 ዓ.ም. ድረስ የሥራና ከተማ ልማት ሚኒስቴር የሚባል ነበር። እዚያ «ሥራ» ማለት ግንባታ ነው፤ ሕንፃ፣ መንገድ። መዝገብ ገላጭ ሁለቱን በአንድ መግቢያ ሥር እንዳታስቀምጣቸው፤ ፊደላቸው አንድ ነው፣ ቤታቸው ሌላ።

ተረበኛው፦
ሥራ አጥና ሥራ ፈትንም አትቀላቅልብን። ሥራ አጥ ፈልጎ ያጣ ነው፣ ሥራ ፈት ይዞ የፈታ። ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል የተባለው ለፊተኛው ነው፤ መነኩሴው ቢያንስ ስፌት እየሠራ ነው። ዛሬ ቢሮ ብትሄድ ግን ሁለቱም «ሥራ ፈላጊ» ተብለው ይመዘገባሉ። ለሥራ ፈቱ ማዕረግ ነው።

መዝገብ ገላጭ፦
አንድ ቀርቶኛል። «የሥራ ስምሪት»። የውጭ አገር የሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 ላይ አለ። ስምሪት ምን ማለት ነው?

ጡረተኛው፦
ከብት ጠብቀህ ባታድግ ነው። ጧት ከበረት ወጥቶ ወደ ግጦሽ ሲበተን ከብቱ ተሰማራ ይባላል፤ እረኛው አሰማራው። ወደ ጦርም ሰው ይሰማራል፣ ወደ ንግድም። ስምሪት የዚያው ስም ነው።

የሕግ ተማሪዋ፦
እንዲያ ከሆነ ቃሉ እረኛም ይጠይቃል ጋሼ። አዋጁ ላይ እረኛው «ኤጀንሲ» ተብሏል፤ ፈቃድ ያወጣል፣ ዋስትና ያስይዛል። ዓረብ አገር የምትሄደዋ ልጅ እዚህ ቤት ሳለች በ1156 ሠራተኛ አልነበረችም፣ ያንኑ የቤት ሥራ ልትሠራ ድንበር ስትሻገር ግን 923 ሠራተኛ ብሎ ይጠራታል። መዝገብ ገላጭ፣ «ሠራተኛ» የሚለው መግቢያህ ሥር አራተኛ ፍቺ ጨምር።