ሪትሙ ሳይነካ ሳውንድ ቶሎ መቀየር፦ ለሠርግ ኪቦርዲስቶች

ቺክቺካ (ጠያቂ)
ሰላም ኪቦርዲስቶች። የምጫወተው በያማሃ ፒኤስአር ኤስኤክስ900 ነው። ሥራዬ አብዛኛው ሠርግ ነው። ሠርግ ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ ድምፃዊው አንዱን ዘፈን ሳይጨርስ ሌላው ውስጥ ይገባል። መግቢያውን በማሲንቆ እጫወታለሁ፣ አዝማቹ ላይ ብራስ እፈልጋለሁ፣ መሀል ላይ ዋሽንት። ስክሪኑ ላይ ስፈልግ ቦታው ያልፋል። ሬጅስትሬሽን (የኪቦርዱን ቅንብር ይዞ በአንድ ቁልፍ የሚመልሰው) ላይ ሴቭ አድርጌም ሞከርኩ። ቁልፉን ስጫን ሳውንዱ ይቀየራል፤ ግን ሪትሙና ቴምፖውም አብረው ይሄዳሉ። ሰው እየጨፈረ ፍጥነቱ ሲወርድ አስቡት። ምን ይሻላል?

የሌሊት ባንድ
ወንድሜ፣ ኪቦርድህ ደህና ነው። ሬጅስትሬሽን ሳውንድ ብቻ አይደለም የሚይዘው፤ በዚያች ደቂቃ ያለውን ሁሉ ነው የሚይዘው። ስታይሉን (ሪትሙንና አጃቢውን)፣ ቴምፖውን፣ ትራንስፖዙን (ኪይ ከፍና ዝቅ ማድረጊያውን)፣ የፔዳሉን ሥራ፣ ቅኝቱን ሳይቀር።

ሁለት መንገድ አለህ። አንደኛው ሴቭ ስታደርግ ነው። ሜሞሪ የሚለውን ስትጫን ምን ምን ይያዝ ብሎ ዝርዝር ያወጣልሃል። ቮይስ (ሳውንዱ) ላይ ምልክቱን ተወው፣ ስታይልና ቴምፖ ላይ አንሳው። ሁለተኛው ፍሪዝ ነው፤ እኔ የምወደው ይሄኛውን ነው። ሬጅስትሬሽኑ ሁሉንም ይያዝ። አንተ በፍሪዝ ሴቲንግ ውስጥ ስታይልና ቴምፖ እንዳይነኩ ታዛለህ። ፍሪዝ ሲበራ ሳውንድ ብቻ ይቀያየራል። ወደ አዲስ ዘፈን ስትገባና ሪትሙም እንዲቀየር ስትፈልግ ታጠፋዋለህ። የመጀመሪያውን ከመረጥክ ያ ምርጫ መድረክ ላይ የለህም።

ሌላው ነገር አደራደሩ ነው። ብዙ ሰው ባንኩን (የሬጅስትሬሽኖቹን ስብስብ) በመሣሪያ ይከፍላል፤ ብራሱን ለብቻ፣ ስትሪንጉን ለብቻ። ለሠርግ አይሆንም። በዘፈን ክፈለው። አንድ ባንክ ላይ አሥር ቁልፍ አለህ፤ ተከታትለው የሚዘፈኑትን ሁለት ሦስት ዘፈኖች እዚያው ላይ በተራቸው ደርድር።

ሦስት ጣት
እኔ ደግሞ ለአንድ ዘፈን ሬጅስትሬሽን መቀያየር ትርፍ ሥራ ይመስለኛል። ራይት የሚባሉት የቀኝ እጅ ፓርቶች (ሳውንዶች) ናቸው፤ ራይት 1 ላይ ማሲንቆ፣ ራይት 2 ላይ ብራስ፣ ራይት 3 ላይ ዋሽንት አድርግ። ከዚያ የፓርት ማብሪያና ማጥፊያዎቹን ብቻ ተጫወትባቸው። አዝማቹ ላይ ብራሱን ማሲንቆው ላይ መደረብም ትችላለህ። ይህን ሁሉ በአንድ ሬጅስትሬሽን ትይዘዋለህ።

ደግሞ ኦቲኤስ ሊንክ (ሳውንዱን ከስታይሉ ክፍሎች ጋር የሚያያይዘው) በርቶ እንዳይሆን እይ። እሱ ከበራ የስታይሉን ክፍሎች፣ ሜይን ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ ስትቀያይር ሳውንዱም አብሮ ይቀየራል። አውቆ ለሚጠቀምበት ግን ግሩም ነገር ነው። ሜይን ቢን ለአዝማች የምትጠቀም ከሆነ ብራሱ ራሱ ይመጣልሃል።

ፓድ ወዳጅ
በእግርህስ ለምን አትቀይርም? እኔ የማገለግለው ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ሁለቱም እጄ ስለሚያዝ ሁሉንም በፔዳል ነው የማደርገው። ሬጅስትሬሽን ሴኩዌንስ የሚባል አለ። ቅደም ተከተሉን ትጽፋለህ፣ ለምሳሌ 1፣ 3፣ 1፣ 2። ከዚያ አንድ ፔዳል ወደ ቀጣዩ እንዲያልፍ ታደርጋለህ። መጨረሻው ላይ ሲደርስ እንዲቆም፣ ወደ መጀመሪያው እንዲመለስ ወይም ወደ ቀጣዩ ባንክ እንዲገባ ማዘዝ ይቻላል። ለዚህ የሰጠኸው ፔዳል ግን ሰስቴን (ድምፅ ማስረዘሚያ) መሆኑ ይቀራል፤ ስለዚህ ሁለተኛ ፔዳል ያስፈልግሃል።

ሦስት ጣት
ሠርግ ላይ ግን ቅደም ተከተል የሚባል ነገር የለም እህቴ። አንድ ሰው ሽልማት ይዞ ይመጣና «ጉራጌ!» ይላል፣ ሴኩዌንሱ እዚያው ያበቃል።

ፓድ ወዳጅ
እውነት ነው። እንግዲያው ፔዳሉን በአንድ ዘፈን ውስጥ ላለው ቅያሪ ብቻ ይጠቀምበት፣ ወደ ሌላ ዘፈን ሲገባ በእጁ ይምረጥ።

ቺክቺካ
ፍሪዙን ሞከርኩት፣ ሪትሙ አልተነቃነቀም። አንድ ጥያቄ ቀረኝ። ድምፃዊው መሀል ላይ ግማሽ ድምፅ ከፍ አድርግልኝ ይላል። ትራንስፖዝ አድርጌ ቀጣዩን ሬጅስትሬሽን ስጫን ወደ ድሮው ኪይ ይመልሰኛል።

የሌሊት ባንድ
ትራንስፖዝንም ፍሪዝ ውስጥ አስገባው፤ ምክንያቱ ያው ነው። ከዚያ በኋላ የምታደርገው ትራንስፖዝ ራስህ እስክትቀይረው ድረስ ይቆያል። ለቀጣዩ ዘፈን መመለሱን ግን አትርሳ፣ ቤዚስቱ ይጣላሃል።

ላይቭ ሴት
ሪትም የማይጠቀሙ፣ ከሙሉ ባንድ ጋር የሚጫወቱ ካሉ ነገሩ ትንሽ ይለያል። እኔ በያማሃ ሞድኤክስ ነው የምጫወተው። ላይቭ ሴት የሚባለው የሳውንድ ዝርዝሩ አንድ ገጽ ላይ 16 ሳውንድ ያሳያል፣ በጣት መንካት ነው። እስከ 4 ፓርት (የተደረበ ሳውንድ) ያለው ፐርፎርማንስ (እዚያ የምትመርጠው ሙሉ ሳውንድ) ሲቀየር የያዝከው ኖታ አይቆረጥም። ከዚያ በላይ ፓርት ከደረብክበት ግን ሊቆረጥ ይችላል። ስለዚህ ለመድረክ የሚሆኑትን አቅልላችሁ ሥሩ። ኮርግ ክሮኖስ ላይም ሴት ሊስት የሚባል ተመሳሳይ ዝርዝር አለ፣ እሱም ድምፁን ሳይቆርጥ ያሸጋግራል።

ሳውንድ ቼክ
ስለ ቮልዩም ማንም አላነሳም። ቤት በሄድፎን እኩል የመሰላችሁ ብራስ አዳራሹ ስፒከር ላይ ጆሮ ይበጥሳል፣ ዋሽንቱ ደግሞ ይጠፋል። ሳውንድ ቼክ ላይ ሬጅስትሬሽኖቹን በተራ እየተጫናችሁ ደረጃቸውን አስተካክሉና እንደገና ሴቭ አድርጉ። ባንኩን በፋይል አስቀምጡ፣ ስሙን በዘፈኑ ስም ጻፉት፤ ፍላሽ ላይም ኮፒ ይኑራችሁ። የራሳችሁ ኪቦርድ ቢበላሽና ተመሳሳዩን ብትከራዩ ፍላሹን ሰክታችሁ ትቀጥላላችሁ። በኤክስፓንሽን (ተጨማሪ ሳውንድ መጫኛ) የጫናችሁት ማሲንቆ ወይም ክራር ካለ ግን ባንኩ ብቻ አያመጣውም፣ ፓኩንም (የሳውንዱን ፋይል) ለብቻው ያዙ።

ቺክቺካ
ፔዳል ገዛሁ፣ ግን የተገላቢጦሽ ነው የሚሠራው። እግሬን ሳነሳ ነው የሚይዘው።

ፓድ ወዳጅ
ስታበራው ረግጠኸው ይሆናል። አጥፋውና እግርህን አንስተህ አብራው። ካልሆነ የፔዳል ሴቲንግ ውስጥ ፖላሪቲ የሚል አለ፣ እሱን ገልብጠው።