«ሃፍ-ላይፍ» ከ«ኤፒሶድ ቱ» በኋላ ለምን ሳይቋጭ ቀረ?

ጥያቄ፦
ጤና ይስጥልኝ። «ሃፍ-ላይፍ 2» የተባለውን የቪዲዮ ጌም ከሁለቱ ተከታይ ክፍሎቹ («ኤፒሶድ ዋን» እና «ኤፒሶድ ቱ») ጋር ሰሞኑን ጨርሻለሁ። በ«ኤፒሶድ ቱ» መጨረሻ ኢላይ ቫንስ በልጁ በአሊክስ ፊት ይገደላል፤ አባቷን አቅፋ ስታለቅስም ስክሪኑ ይጨልማል። ቦሪያሊስ የተባለችው የጠፋች መርከብ ምን እንደያዘች፣ ጂ-ማን የተባለው ምስጢራዊ ሰው ተጫዋቹ ከሚመራው ገጸ ባሕርይ ከጎርደን ፍሪማን ምን እንደሚፈልግ ሳናውቅ ቀረን። ክፍሉ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። ሦስተኛው ክፍል የቀረው ደራሲዎቹ ታሪኩ የሚያመራበት ጠፍቷቸው ነው ወይስ ሥራው ራሱ ተሰናክሎ? የምታውቁ ብታስረዱኝ ደስ ይለኛል።

መልስ 1፦
ታሪኩስ ነበረ። የተከታታዩ ጸሐፊ ማርክ ሌይድሎው የጌሙን ሠሪ ኩባንያ ቫልቭን ከለቀቀ በኋላ በ2017 የገጸ ባሕርያቱን ስም ለውጦ በድረ ገጹ ባወጣው ደብዳቤ ላይ፣ ወደ ቦሪያሊስ የሚደረገውን ጉዞና ጂ-ማን አሊክስን ይዞ የሚሄድበትን ፍጻሜ አስነብቦናል። እኔ እንደማምነው እንቅፋቱ የኩባንያው ልማድ ነው፤ እያንዳንዱ «ሃፍ-ላይፍ» አንድ አዲስ ነገር ይዞ እንዲመጣ ይፈለግ ነበር። የ1998ቱ ታሪኩን ከተጫዋቹ ዓይን ሳይወጣ ተረከ፤ የ2004ቱ ዕቃዎች እንደ እውነቱ የሚወድቁበትንና የሚንሳፈፉበትን ዓለም፣ ዕቃ የሚያነሳና የሚወረውር የስበት ጠመንጃውንም ጨምሮ፣ አመጣ። ለሦስተኛው ክፍል በረዶ የሚረጭ መሣሪያ ተሞክሮ ነበር፤ ነገር ግን ሠራተኞቹ «ሌፍት ፎር ዴድ» የተባለውን ሌላ የኩባንያውን ጌም ለማጠናቀቅ ተዛወሩ፣ ሲመለሱም ጊዜው እንዳለፈ ተሰማቸው። ይህን የነገሩን ራሳቸው ናቸው፣ በ2024 በወጣው የ«ሃፍ-ላይፍ 2» 20ኛ ዓመት ዘጋቢ ፊልም ላይ። የቫልቭ መሪ ጌብ ኒውዌልም ክፍሉ ምን አዲስ ነገር እንደሚያራምድ ሊታየው እንዳልቻለ በዚያው ፊልም ላይ አምኗል።

መልስ 2፦
ከላይ የተጻፈው እውነት ነው፤ እንደ በቂ ምክንያት መቀበል ግን ይከብደኛል። ክፍሎቹ አጫጭር እንዲሆኑ የተወሰነው እኮ ተጫዋቹ እንደገና ስድስት ዓመት እንዳይጠብቅ ነበር። የአባቷን አስከሬን አቅፋ የቀረችን ልጅ ያሳየን ደራሲ የሚቀጥለውን የመንገር ዕዳ አለበት፤ ይህም ዕዳ አዲስ መሣሪያ እስኪፈለሰፍ መቆየት አልነበረበትም። ደብዳቤውንም ብዙዎች እንደ መደምደሚያ ይቆጥሩታል፣ እኔ ግን አልቆጥረውም፤ አንድ ሰው በግሉ የጻፈው እንጂ እጃችን ገብቶ የተጫወትነው አይደለምና።

ለጠያቂያችን አንድ ነገር ልጨምር። በ2020 የወጣው «ሃፍ-ላይፍ፦ አሊክስ» ከ«ሃፍ-ላይፍ 2» አምስት ዓመት ቀደም ብሎ የሚጀምር ቢሆንም፣ መጨረሻው እርስዎን ያስደነገጠውን ትዕይንት ይቀይረዋል፤ ኢላይ ይተርፋል፣ ጂ-ማን ደግሞ አሊክስን ይወስዳታል። የአባትየው ሞት ቀርቶ የልጅቱ መጥፋት ተተካ ማለት ነው። ጌሙ ያለ ቪአር መነጽር (ዓይንን ሸፍኖ ጌሙ ውስጥ ያሉ የሚያስመስል መሣሪያ) ስለማይሠራ፣ መነጽሩ ከሌለዎት የመጨረሻውን ምዕራፍ ሌሎች ሲጫወቱ ከቀረጹት ቪዲዮ ይመልከቱ፤ ኢላይ ለጎርደን የብረት መፈንቀያውን የሚሰጠው እዚያ ላይ ነው።