ሞተር ሲጠፋ ቀጥ የሚል የመኪና ፍሪዘር፦ ኮምፕረሰሩ ነው ወይስ ሽቦው?

ሃርድቶፕ፦
ጤና ይስጥልኝ። 45 ሊትር ባለ ኮምፕረሰር ፍሪዘር የናፍጣ ሃርድቶፕ ኋላ ላይ ተጭኗል፤ ኃይል የሚያገኘው እዚያው ካለው የሲጋራ መለኮሻ ሶኬት ነው። ሞተር እየሠራ ምንም አይለውም፣ −18 ዲግሪ ይገባል። ሞተሩ በጠፋ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ግን ቀጥ ይልና የባትሪ ምልክቱ ብልጭ ድርግም ይላል። ባትሪው አዲስ ነው፣ ሶኬቱ ላይም በቴስተር 12.4 ቮልት አለ። ጥገና ቤት ደግሞ "ኮምፕረሰሩ ደክሟል" እያሉ ነው። መኪናው ለ4 ቀን ወደ ዳናኪል ሥጋ ጭኖ ሊወርድ ነው። ምን ትላላችሁ?

ባለቴስተሩ፦
ኮምፕረሰሩን እንዳታስነካ። የደከመ ኮምፕረሰር ሞተር ስለተነሳ አይድንም።

12.4 ያነበብከው ፍሪዘሩ ቆሞ ከሆነ ቁጥሩ ምንም አይነግርህም፤ ከረንት በማያልፍበት ሽቦ ላይ ቮልት አይወርድም። እንዲህ ለካ፦ ፍሪዘሩ እየሠራ የቴስተሩን አንድ ጫፍ ባትሪው ፖዘቲቭ ላይ፣ ሌላውን የፍሪዘሩ ፖዘቲቭ መግቢያ ላይ አድርግ። የሚታየው ቁጥር መንገድ ላይ የጠፋው ቮልት ነው። ነጌቲቩንም እንደዚያው ለካና ደምራቸው። ድምሩ ከ0.3 ካለፈ ጥፋተኛውን አገኘኸው።

የሶኬት መስመር ብዙ ጊዜ 1.5 ካሬ ሚሊሜትር ወይም ከዚያ ቀጭን ነው። ከባትሪው እስከ ኋላ 5 ሜትር ቢሆን፣ ደርሶ መልሱ 10 ሜትር ነው (ብዙ ሰው መልሱን ይረሳዋል)። ፍሪዘሩ 6 አምፔር ሲስብ 0.7 ቮልት እዚያው ይቀራል፤ ልል የሆነው የሶኬቱ መነካኪያ ሌላ 0.2 ይጨምርበታል። ስለዚህ ባትሪው ላይ 12.3 ሲኖር ፍሪዘሩ የሚያየው 11.4 ነው። የባትሪ መከላከያው (ባትሪው እንዳያልቅ ቮልት ሲወርድ ፍሪዘሩን የሚያጠፋው ማስተካከያ) "ሃይ" ላይ ከሆነ፣ ብዙ ፍሪዘሮች 11.8 አካባቢ ቆርጠው ወደ 12.6 ካልተመለሰ አይነሱም። በቆመ መኪና 12.6 ከየት ይመጣል? ሞተር ሲነሳ ግን ዲናሞው 14 ስለሚሰጥ ኪሳራው አይታወቅም።

መፍትሔው ለብቻው መስመር መዘርጋት ነው። ባለ 6 ካሬ ተጣጣፊ የመዳብ ገመድ፣ ቀይና ጥቁር፣ ሁለቱም በቀጥታ ከባትሪው ይምጡ። በዚህ ገመድ ኪሳራው 0.2 ቮልት አይሞላም። ፊውዙ 15 አምፔር ሆኖ ከባትሪው ፖዘቲቭ 20 ሳንቲሜትር ሳይርቅ ይግባ፤ የሚጠብቀው ፍሪዘሩን ሳይሆን ገመዱን ነው። ከሞተር ክፍል ወደ ጋቢና የሚያሳልፈው ቀዳዳ ላይ ጎማ ካላደረግህ ላሜራው በንዝረት ገመዱን ይልጠዋል፤ ፊውዙ ኋላ ፍሪዘሩ ጋ ከሆነ ደግሞ የሚቃጠለው መኪናው ነው። ጫፉ ላይ የሲጋራ ሶኬት መልሰህ እንዳትገጥም፣ ድካምህ ሁሉ ከንቱ ይሆናል። ባለ 50 አምፔር አንደርሰን ማገናኛ ይሻላል፣ ኮረኮንች ላይ አይወልቅም።

ቆላ_ወራጅ፦
በዚህ ሁሉ እስማማለሁ፤ ግን ገመድ ብቻ ዳናኪል አያሳድርም። በዚያ ሙቀት ኮምፕረሰሩ ከሰዓቱ 60 በመቶውን ይሠራል ብንል፣ 6 አምፔር በ24 ሰዓት ወደ 86 አምፔር ሰዓት ይሆናል። 100 አምፔር ሰዓት ካለው የሊድ አሲድ ባትሪ ግማሹን ብቻ ብትጠቀም ከ14 ሰዓት አያልፍም። እሱም የማስነሻው ባትሪ ከሆነ ጠዋት መኪናውን ማን ይገፋል?

ሁለተኛ ዲፕ ሳይክል ባትሪ (ደጋግሞ በጥልቀት ቢወርድ የሚችል) ጨምር። በሁለቱ መካከል ቮልት አይቶ የሚያገናኝና የሚለይ ሪሌይ (በራሱ የሚሠራ ማብሪያ ማጥፊያ) አስገባ፦ 13.3 አካባቢ ያገናኛል፣ ወደ 12.8 ሲወርድ ይለያል። አገናኙ ገመድ 16 ካሬ ይሁን፤ ሁለቱም ጫፍ ባትሪ ስለሆነ ሁለቱም ጫፍ ፊውዝ ይፈልጋል። ፍሪዘሩን ሁለተኛው ላይ ካሰርክ በኋላ መከላከያውን ከ"ሃይ" አውርደው፣ "ሚድየም" ይበቃል። ሁለተኛው ሊቲየም ከሆነ ግን ይሄን ሪሌይ ተወው፤ ከረንቱን የሚገድብ ዲሲ ቱ ዲሲ ቻርጀር ያስፈልጋል፣ አለዚያ ዲናሞውን ታቃጥላለህ።

ሃርድቶፕ፦
ተለካ። ፖዘቲቭ 0.62፣ ነጌቲቭ 0.35። ነጌቲቩ ከኋላ በር አጠገብ ቦዲ ላይ በብሎን የታሰረ ነው። የኋላውን ሶኬት ትቶ በ220 ኢንቨርተር ማሠራትስ?

ባለቴስተሩ፦
0.97 ቮልት! በቃ፣ ኮምፕረሰሩ ነጻ ወጣ። የ0.35ቱ ምክንያት ቀለም ወይም ዝገት ላይ የታሰረ ብሎን ሳይሆን አይቀርም፤ ጥቁሩን ገመድ እስከ ባትሪው ስታደርስ ይጠፋል። ኢንቨርተሩን እርሳው። 12ን ወደ 220 ቀይሮ ፍሪዘሩ ውስጥ እንደገና ወደ ታች ማውረድ ባትሪህን በሙቀት መልክ መጣል ነው። 220 የሚጠቅምህ ከጉዞው በፊት ባለው ሌሊት ነው፦ ሥጋውን ቤት ውስጥ ድንጋይ እስኪሆን አቀዝቅዘህ ጫን።

አይሱዙ_24፦
ይህን አይቶ የጭነት መኪና ላይ ለሚሞክር፦ ባለ 24 ቮልት ከሆነ ከሁለቱ ባትሪዎች ከአንዱ ብቻ 12 አትሳቡ። የሚሳብበት ሁልጊዜ ይጎድላል፣ ሌላው ከልክ በላይ ይሞላል፣ ሁለቱም ያለ ጊዜያቸው ይሞታሉ። ብዙዎቹ ባለ ኮምፕረሰር ፍሪዘሮች 12ም 24ም ይቀበላሉ፤ ጀርባቸው ላይ የተለጠፈውን አንብባችሁ ከሁለቱም ባትሪ ሙሉውን 24 ስጡ፣ ፊውዙም 7.5 ይሁን።