ትራንስክሪፕቴ አገር ቤት ታስሯል፣ ለፋይናንሺያል ኢንጂነሪንግ ማመልከት ፈልጌ ነበር

ሌሊት ፈረቃ፦ ሰላም ወገኖች። በዲቪ ከመጣሁ ሦስት ዓመት ሆነኝ። አገር ቤት በአካውንቲንግ ተመርቄ ባንክ ሠርቻለሁ፤ እዚህ አሌክሳንድሪያ ሌሊት ሌሊት ፓርኪንግ ገንዘብ ተቀባይ ነኝ። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት በኋላ መኪና ስለማይመጣ ስልኬ ላይ ካልኩለስ አያለሁ። በሚቀጥለው ዙር ለፋይናንሺያል ኢንጂነሪንግ (የገንዘብ ገበያን ዋጋና ስጋት በሂሳብና በኮምፒውተር የማስላት ትምህርት) ማስተርስ ማመልከት አስቤ ሁለት ነገር ያዘኝ። ትራንስክሪፕቴ በታሸገ ፖስታ ከአገር ቤት መምጣት አለበት፤ መዝገብ ቤቱ ደግሞ የወጪ መጋራት ከፍሎ የጨረሰበት ደብዳቤ ካላመጣ አንሰጥም ብሏል። ከደመወዜ ሲቆረጥ ነበር፣ ደብዳቤው ግን የለኝም። እህቴ ሦስት ጊዜ ሄዳ "ባለቤቱ ይምጣ" ተብላ ተመልሳለች፤ አሁን ለመመላለሻ ላክ ትለኛለች፣ እውነቷን ነው። ሁለተኛው፣ የተማርኩት ሂሳብ አንድ ኮርስ ብቻ ነው። ካልኩለስ ሦስትና ሊኒየር አልጀብራ ኮሚኒቲ ኮሌጅ ልውሰድ ወይስ ጂአርኢ (የማስተርስ መግቢያ ፈተናው) ላይ ጥሩ ነጥብ ባመጣ ይበቃል? ያለኝ ብር ለአንዱ ነው።

ኳንት ከጀርሲ፦ ወንድሜ፣ የጂአርኢ ሂሳቡን 170 ከ170 ብታመጣ እንኳ የሚያሳየው የሁለተኛ ደረጃ ሂሳብ አለመርሳትህን ነው። የፈተናውን 220 ዶላር ለጊዜው ያዝ። እነሱ ትራንስክሪፕት ላይ የሚፈልጉት ካልኩለስ እስከ መልቲቫሪየብል (ካልኩለስ ሦስት የምትለው)፣ ሊኒየር አልጀብራ፣ ዲፈረንሺያል ኢኩዌሽን፣ ፕሮባቢሊቲ ነው፤ ከዚያ የፕሮግራም ቋንቋ፣ ፓይተን ወይም ሲ ፕላስ ፕላስ። ለጌጥ አይደለም። ገና ስትገባ ስቶካስቲክ ካልኩለስ፣ እንደ አክሲዮን ዋጋ በዕድል የሚዋዥቅ ነገር ካልኩለስ፣ ይጠብቅሃል። ብላክና ሾልስ በ1973 ያወጡት የኦፕሽን (አክሲዮንን ወደፊት አሁን በተቆረጠ ዋጋ የመግዛት ወይም የመሸጥ መብት) ዋጋ ቀመር ራሱ የዲፈረንሺያል ኢኩዌሽን መልስ ነው፤ እሱን ሳታውቅ ክፍል ውስጥ መቀመጥ ፊደል ሳይቆጥሩ ዳዊት መድገም ነው። እኔም ከአካውንቲንግ ነው የመጣሁት፣ ሁለት ዓመት አልቅሻለሁ።

ኒው ዮርክ ያለው ባሩክ የሕዝብ ኮሌጅ ስለሆነ ከግሎቹ ይረክሳል፣ በሩ ግን ጠባብ ነው። ሂሳብ ለጎደለው ሰው ቅድመ ዝግጅት ሴሚናሮች ይሰጣል፣ እነሱን ተመልከት። በርክሌይ የሚጀምረው በማርች ነው፤ ሰው ሁሉ ፎል እያለ ሲጠብቅ ያመልጠዋል። ካርኔጊ ሜለን 16 ወር ነው። ፕሪንስተን በጣም ጥቂት ሰው ነው የሚወስደው። ከሁሉም በላይ ግን የኤፍ ዋን (የተማሪ ቪዛ) ተማሪ ስትሆን ፕሮግራሙ ስቴም (የሳይንስና ሂሳብ ዘርፍ) ተብሎ የተመዘገበ መሆኑን አረጋግጥ፤ ከምረቃ በኋላ መሥሪያ ፈቃዱ፣ የ12 ወሩ ኦፒቲ ላይ 24 ወር የሚጨመርልህ ያኔ ነው፣ የኤች ዋን ቢ የሥራ ቪዛ ዕጣ ደጋግመህ ለመሞከር ጊዜ ታገኛለህ...

ሌሊት ፈረቃ፦ እግዜር ይስጥልኝ። ግን ግሪን ካርድ አለኝ።

ኳንት ከጀርሲ፦ ለካ ዲቪ ብለሃል። እንግዲያው ፋፍሳ (የመንግሥት የትምህርት እርዳታ ማመልከቻ) ሙላ፣ የፌዴራል ብድር ይገባሃል። ነገር ግን ድሮ ሙሉውን ወጪ ይሸፍን የነበረው ግራድ ፕላስ የሚባለው የፌዴራል ብድር ከጁላይ 1፣ 2026 ጀምሮ ለአዲስ ተበዳሪ ተዘግቷል። የቀረው በዓመት 20,500፣ በጠቅላላው 100,000 ዶላር ጣሪያ ያለው ነው። የግል ዩኒቨርሲቲ የዓመት ክፍያ፣ ኪራይና ምግብ ሳይቆጠር፣ የዓመቱን 20,500 አልፎ ይሄዳል። ቀሪውን ከባንክ ነው፤ ክሬዲትህ ይታያል፣ ዋስ አምጣ ትባላለህ።

ኖቫ ተማሪ፦ ይቅርታ ጣልቃ ገባሁ፣ ማንም ያልነገረህ ነገር አለ። ኖቫ (የሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚኒቲ ኮሌጅ) አሌክሳንድሪያ ካምፓስ ካልኩለስ ሦስት የምትለው የኮርስ ቁጥሩ 265 ነው። ከእሱ በፊት 263 እና 264 (ካልኩለስ አንድና ሁለት) አሉ፤ ዘለህ አያስገቡህም። ሊኒየር አልጀብራ 266፣ ዲፈረንሺያል ኢኩዌሽን 267። እየሠራህ አንድ አንድ ብትወስድ ዓመት ተኩል ይፈጃል። በሚቀጥለው ዙር የምትለውን እርሳው።

የእናት ጓዳ፦ ልጄ፣ ለእህትህ ኤምባሲ ሄደህ ውክልና ስጣት። አዲስ አበባ ውጭ ጉዳይ ታስመታውና ባለቤቱ ይምጣ የሚላት የለም። ገንዘብ ስትልክላት ደግሞ በጥሬው ሱቅ ወስደህ እንዳትሰጥ፤ ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ በካሽና በመኒ ኦርደር የሚላከው ላይ 1 በመቶ ይቆረጣል። ከባንክ አካውንትህ ወይም በካርድህ ስትልክ የለበትም። እኔ ለፋሲካ 300 ስልክ ነው የነገሩኝ። ሦስት ዶላር ምን አላት ትሉ ይሆናል፤ ለእናቴ የምልከው ላይ መሆኑ ነው የከነከነኝ።

የአራት ኪሎ ልጅ፦ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያው (አክሲዮን የሚሸጥበት) አዲስ አበባ በጃንዋሪ 2025 ሲከፈት፣ ወጋገን ባንክ መጀመሪያ ሲመዘገብ፣ እኔ ዳላስ መጋዘን ውስጥ ካርቶን እየጫንኩ በስልክ አየሁት። አብረውኝ ኢኮኖሚክስ የተማሩት ሱፍ ለብሰው ቆመዋል። ወንድሜ፣ ተምረህ አገርህ ግባ። እኔ አልቻልኩም።

ኳንት ከጀርሲ፦ እዚያ ገና ኦፕሽን አይሸጥም፣ ገብቶ ምን ይሠራል?

ጋሽ ታክሲ፦ አንተ የጀርሲው ልጅ አገሩን ተውለት። ባንክ፣ ክሬዲት፣ ዋስ... ሲልቨር ስፕሪንግ እቁብ አለን። 20 ሰው፣ በወር 500፣ ዕጣው 10,000። ለተማሪ የመጀመሪያው ዕጣ ይሰጠው፣ አለቀ። ይሄው ኢንጂነሪንጉ።

ኳንት ከጀርሲ፦ ጋሼ፣ አክብሬዎት ነው፣ ግን እሱ ነጻ ገንዘብ አይደለም። ወለዱን በወር 1 በመቶ ብንይዝ፣ ከመጀመሪያው 19 ወር ቆይቶ የሚወጣው የመጨረሻው ዕጣ በመጀመሪያው ዕጣ ቀን ዋጋ ሲታይ 8,277 ዶላር ገደማ ነው። መጀመሪያውን ለተማሪ ስትሰጡ ከመጨረሻው ሰውዬ 1,700 ዶላር ወስዳችሁ ሰጣችሁት ማለት ነው።

የደሴ ልጅ ሲያትል፦ ወላሂ ወንድሜ፣ እቁብ የምንገባው ከወለድ ለመሸሽ ነው፣ አንተ በጓሮ አስገባኸው።

ኳንት ከጀርሲ፦ እኔ አላስገባሁትም። ዕጣ ሲሸጥ አላያችሁም? የቸገረው ለቅናሽ ሸጦ ሲሄድ? ያ ወለድ ነው፣ ስሙን አልጠራችሁትም እንጂ።

የእናት ጓዳ፦ ባለፈው ዓመት አንዱ ሦስተኛውን ዕጣ በልቶ ቻርሎት ገባ፣ ስልኩን ቀየረ። እሱንስ በምን ታሰላዋለህ?

ኳንት ከጀርሲ፦ እሱ ክሬዲት ሪስክ ይባላል።

ጋሽ ታክሲ፦ እኛ ሌባ ነው የምንለው።

የደሴ ልጅ ሲያትል፦ 😂

ኳንት ከጀርሲ፦ እየቀለዳችሁ ነው፣ እኔ ግን የምናገረው ልጁ እንዳይጎዳ ነው። ሁለት ዕጣ ቢበላ እንኳ የአንድ ዓመት ክፍያ አይሞላም።

ጋሽ ታክሲ፦ እኔ ሦስት ልጅ በእቁብ አስተምሬአለሁ። በስንት በመቶ እንደሆነ ማንም አልጠየቀኝም። ደግሞ መጨረሻ የወጣልኝ እኔ ነበርኩ፣ አንድም ቀን 1,700 ጎደለብኝ አላልኩም። ሰው ልጅ ሊያስተምር ነው ተብሎ ተራ ሲለቀቅለት የት ቀመርህ ውስጥ ይገባል?

ኳንት ከጀርሲ፦ አይገባም። ስለማይገባ ነው ማወቅ ያለባችሁ የምለው።

ኖቫ ተማሪ፦ የልጁ ጥያቄ ግን የት ገባ?

ሌሊት ፈረቃ፦ አለሁ፣ እያነበብኩ ነው። ኖቫ 263 ተመዘገብኩ። ውክልናውን ልኬላታለሁ እትዬ፣ አመሰግናለሁ፤ ደብዳቤውን ግን የድሮ መሥሪያ ቤቴ ይጻፍ ወይስ ገቢዎች፣ እስካሁን የሚነግረን አልተገኘም። የሚያውቅ ካለ እባካችሁ። ጋሼ፣ እቁቡ መቼ ነው የሚጀመረው?

ጋሽ ታክሲ፦ ከፋሲካ በኋላ። ሁለት ዋስ ይዘህ ና። የጀርሲው አይሆንም፣ ተጣልተናል።