እናቴ ከመሐል ሜዳ ጀርመን ሄዳ እህቴን ልታርስ ነው፤ ለቪዛው ምን እናዘጋጅ?

ጥያቄ፦ የባሶና ልጅ (ደብረ ብርሃን)

ሰላም ለሁላችሁ። እህቴ ጀርመን ስቱትጋርት ነው የምትኖረው። ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ትወልዳለች፤ ሴት ናት ተብሏል። እናታችን ሄዳ እንድታርሳት፣ የልጅቷን ክርስትናም አይታ እንድትመለስ እንፈልጋለን። እማዬ መንዝ መሐል ሜዳ ነው ያለችው። ገበሬ ናት፣ አባታችን አርፏል። ደሞዝ የላትም፤ ባንክ ያላት ብርም ይህን ያህል የሚያወራ አይደለም። ፓስፖርቷ አዲስ ነው።

እዚህ አንድ ጉዳይ አስፈጻሚ «የንግድ ፈቃድና የባንክ ስቴትመንት እኔ አሰራላችኋለሁ» ብሎ ብዙ ብር ጠየቀን። ያዋጣል? መቼ እንጀምር? ሌላው፣ አንድ ወንድማችን ለንደን ነው፤ በዚያው እሱንም አይታው ብትመጣስ?

መልስ፦ ዘአንኮበር

ወንድሜ፣ እንኳን ደስ ያላችሁ። መጀመሪያ ያንን ሰውዬ ተዉት። የውሸት ወረቀት ማስገባት ራሱን የቻለ የመከልከያ ምክንያት ነው። መዝገቡም ቶሎ አይጠፋም፤ ነገ በሌላ የሼንገን አገር (በአንድ ቪዛ ከሚገባባቸው የአውሮፓ አገሮች) በኩል ብትሞክሩ ያገኙታል። ደግሞስ የመንዝ እናት በምን ተአምር ነው ነጋዴ የሚሆኑት? ሁለት ጥያቄ ቢጠየቁ ያበቃል።

እናትህ ሀብታም መምሰል የለባቸውም። ወጪውን እህትህ ትችላለች። እሷ የምትኖርበት ከተማ የውጭ ዜጎች ቢሮ ሄዳ «ፌርፕፍሊሽቱንግስኤርክሌሩንግ» የሚባለውን የዋስትና ሰነድ ትፈርም። ክፍያው 29 ዩሮ ነው። ገቢዋን ያዩና «ይህቺ ሰው እንግዳዋን መሸፈን ትችላለች» ብለው ማኅተም ይመታሉ። ገቢዋ በወሊድ ፈቃድ ምክንያት ከቀነሰ ባሏ ይፈርም። ዋናው ወረቀት ነው አዲስ አበባ የሚላከው፣ በቴሌግራም የመጣ ፎቶ አይሠራም።

መልስ፦ እሙ ሸዋሮቢት

እኔ የምጨምረው ሰው የሚረሳውን ነገር ነው። ፈረንጅ ቤተሰብ በአባት ስም አንድ ይሆናል። የእኛ አይደለም። የእህትህ ፓስፖርት ላይ የአባቷና የአያቷ ስም ነው ያለው፤ የእናትህ ላይ ደግሞ የእሳቸው አባትና አያት። ሁለቱን ጎን ለጎን ያየ ቆንስላ ምን ዝምድና ያገኛል? ስለዚህ የእናት ስም ያለበት የእህትህ የልደት ምስክር ወረቀት ግድ ነው። ከሌላት አሁኑኑ ከወሳኝ ኩነት ጽሕፈት ቤት ይውጣ።

ስትቀበሉት እዚያው ቆማችሁ ፊደል በፊደል እዩት። «ወለተ» በአንዱ ወረቀት በአንድ ዓይነት፣ በሌላው በሌላ ዓይነት የላቲን ፊደል ተጽፎ ስንት ሰው ተንከራቷል። የትውልድ ቀንም እንደዚያው ነው። የድሮ ሰው ቀኑን አያውቅም፤ ቀበሌው አንድ ዓመት ይጽፋል፣ ፋይዳ ላይ ሌላ ይሆናል፣ ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ሲዞር ደግሞ ሦስተኛ ይመጣል። ሁሉም ከፓስፖርቱ ጋር ይግጠም። ትርጉሙን ፈቃድ ያለው ትርጉም ቤት ይሥራው፤ ማረጋገጫውን ኤምባሲው በሚጠይቀው መንገድ አስደርጉ።

መልስ፦ ከፍራንክፈርት

እዚህ ሆኜ የእናቴንም የአማቴንም ጉዳይ ስለጨረስኩ ልንገርህ። ትልቁ ነገር ብር አይደለም፣ «ይመለሳሉ ወይ» የሚለው ነው። አብዛኛው ሰው የሚከለከለው እዚያ ላይ ነው። የእህትህ የግብዣ ደብዳቤ ስለ ናፍቆት አንድ ገጽ ቢሞላ ዋጋ የለውም። መቼ እንደምትወልድ፣ እናት የት እንደሚያርፉ፣ በየትኛው ቀን እንደሚመለሱ ይጻፍ። የሐኪሟ ወረቀትም ይያያዝ። ከዚህ በኩል የመሬት ይዞታ ደብተራቸው፣ የቀበሌ ደብዳቤ፣ የአባታችሁ ጡረታ ካለ የእሱ ማስረጃ፣ አገር ቤት ያላችሁት ልጆች ዝርዝር ይግባ። እሳቸው በሌሉበት እርሻውንና በጎቹን ማን እንደሚይዝ በሁለት መስመር ጻፉ። ቀላል ይመስላል፣ ግን እውነተኛ ኑሮ ያላቸው ሰው መሆናቸውን የሚያሳየው ይኼ ነው።

አሁን ወደ ቀኑ። ማመልከቻ ከጉዞው 6 ወር ቀድሞ ማስገባት ይቻላል። ለሌላው አገር ሰው ውሳኔው በ15 ቀን ነው፤ ለኢትዮጵያውያን ግን የአውሮፓ ኅብረት በ2024 ባወጣው ውሳኔ 45 ቀን ሆኗል። ቀጠሮ ማግኘቱ ራሱ ጊዜ ይበላል። አሁን ጥር ነው፤ ልጅቷ እስክትወለድ አትጠብቁ።

ሂሳቡን ልብ በል። የሴት ልጅ ክርስትና በ80 ቀን ነው። ቪዛው የሚፈቅደው ቢበዛ 90 ቀን ነው፤ የገቡበትም የወጡበትም ቀን ይቆጠራል። እናታችሁ፣ እህትህ ከመውለዷ ሁለት ሳምንት ቀድመው ከደረሱ ክርስትናው ሳይደርስ ቀናቸው ያልቃል። ስለዚህ መግቢያውን ከመውለጃዋ ቀን ጋር አስጠጉት፤ ቲኬቱ ቀን የሚቀየርለት ዓይነት ይሁን። ቪዛው ሲመጣ «ከዚህ እስከዚህ» የሚለውን ብቻ አትዩ። ከታች የተፈቀደው የቀን ብዛት ለብቻው ተጽፏል፤ የሚወስነው እሱ ነው።

ለንደንን እርሱት። እንግሊዝ ሼንገን ውስጥ የለችም፤ የራሷን ቪዛ ትጠይቃለች። ደግሞ ያው የ2024ቱ ውሳኔ ለኢትዮጵያዊ ብዙ ጊዜ የሚያስገባ ቪዛ እንዳይሰጥ ስላደረገ፣ አንዴ ከወጡ ወደ እህትህ መመለስ የለም። ወንድምህ ወደ ስቱትጋርት ይምጣ። የእንግሊዝ ፓስፖርት ከሌለውና በመኖሪያ ፈቃድ ብቻ ካለ ግን እሱም የሼንገን ቪዛ ያስፈልገዋል።

መልስ፦ የጣርማበር ሹፌር

የቪዛው ክፍያ 90 ዩሮ ነው፣ ቢከለከሉም አይመለስም። የጉዞ ኢንሹራንሱ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን፣ ለሁሉም የሼንገን አገር የሚሠራ ይሁን። ፓስፖርቱ ከሚወጡበት ቀን በኋላ 3 ወር ይቅረው፣ 2 ባዶ ገጽም ይኑረው። አለቀ።

ጥያቄ፦ የባሶና ልጅ

እግዚአብሔር ይስጥልን! ሰውዬውን ዛሬውኑ በቃህ እለዋለሁ። ሁለት ነገር ልጨምር። እማዬ ለአራስ ብላ ከአሁኑ ቅቤ እያነጠረች ነው። ማርና በሶም አለ። ይገባል? ሌላው፣ ፓስፖርት ስታወጣ ጣቷ አሻራ አልይዝ ብሎ በጣም ተቸግረን ነበር።

መልስ፦ እሙ ሸዋሮቢት

አሻራው የብዙ እናቶች ችግር ነው፤ ስንት ዓመት እሳትና አፈር የነካ እጅ ነው። ከቀጠሮው በፊት ባሉት ቀናት ማታ ማታ ቫዝሊን ትቀባ፣ እንሥራና ማጭድ ትተውላት። ጠዋት ላይ እጇን በደንብ ታጥባ ታድርቅ። ፈጽሞ የማይያዝ ከሆነ ሕጉ ራሱ አሻራ መስጠት በአካል ለማይቻለው ሰው ነፃ ያደርጋል። ስለዚህ አትደንግጡ፣ ለሠራተኛው በትህትና ንገሩት።

መልስ፦ ከፍራንክፈርት

ቅቤው አይገባም ወንድሜ። ከኅብረቱ ውጭ የሚመጣ መንገደኛ ሥጋና የወተት ውጤት ይዞ መግባት አይችልም። ቅቤም፣ አይብም፣ ቋንጣም ጉምሩክ ካገኘው ይወረሳል፤ ቅጣትም ሊኖር ይችላል። ማር እስከ 2 ኪሎ ይፈቀዳል። በሶና ሽሮ ችግር የለውም፣ ግን ከላዩ ላይ በአማርኛ ብቻ አትጻፉ።

ድንበር ላይም ቪዛ ስላላቸው ብቻ ዝም ብለው አያሳልፏቸውም። የት እንደሚያርፉ፣ መቼ እንደሚመለሱ፣ ማን ወጪ እንደሚችል ሊጠይቁ ይችላሉ። ከኦክቶበር 2025 ጀምሮ ደግሞ መግቢያና መውጫ በኮምፒውተር እየተመዘገበ ነው፤ አንድ ቀን ካሳለፉ ራሱ ያሳብቃል። የግብዣው ደብዳቤ፣ የዋስትናው ኮፒ፣ ኢንሹራንሱና የመመለሻ ቲኬቱ በእጅ ቦርሳቸው ይሁን፣ ሻንጣ ውስጥ አይግባ። የእህትህ ስልክና አድራሻ በጀርመንኛ በካርቶን ላይ ተጽፎ አንገታቸው ላይ ይንጠልጠል። አዲስ አበባ ላይ ዊልቸር ጠይቁላቸው። መራመድ ቢችሉም ጠይቁ፤ ፍራንክፈርት ላይ የሚገፋቸው ሰው ፓስፖርት ቁጥጥሩን አሳልፎ እስከ መውጫው ያደርሳቸዋል።

መልስ፦ ዘአንኮበር

አንድ ነገር ብቻ። አያድርገውና ቢከለከሉ፣ በጀርመን በኩል ድሮ ለኤምባሲው የሚጻፈው የቅሬታ ደብዳቤ ከጁላይ 2025 ጀምሮ ቀርቷል። ያለው አማራጭ የጎደለውን አሟልቶ እንደገና ማመልከት ወይም በርሊን ፍርድ ቤት መክሰስ ነው። በመጀመሪያው ዙር ፋይሉን ሙሉ አድርጋችሁ ግቡ።