ሜታል ዲቴክተር ለጎንደር መሬት ይሆናል?

የቀሃ ልጅ፦
ሰላም ናችሁ ቤተሰብ። የአክስቴ ልጅ ከውጭ ሲመጣ ሜታል ዲቴክተር (መሬት ውስጥ የተቀበረ ብረት የሚፈልግ ማሽን) ላምጣልህ ብሎኛል፣ አዘዞ አካባቢ የአያቶቼ እርሻ አለን የፈረሰ የድንጋይ ቤትም አለበት። አያቴ ነፍሷን ይማረውና፣ የሱዳን ደርቡሽ በ1880 ጎንደርን ሲያቃጥል ሰው ጠገራ ብሩን (የድሮውን የማሪያ ቴሬዛ ብር) በገንቦ እየቀበረ ነው የሸሸው፣ ስንቱ ሳይመለስ ቀረ ትለን ነበር። ምን አይነት ማሽን ይሻላል? 10 ሜትር ድረስ ያያል የሚሉም አይቻለሁ እውነት ነው?

ብረት ሰሚ፦
10 ሜትር የሚሉህን ተዋቸው ወንድሜ ገንዘብህን ነው የሚበሉህ። አንዲት ሳንቲም ከሆነች ጥሩ የሚባለው ማሽን ራሱ 20፣ ቢበዛ 30 ሳንቲ ሜትር ላይ ነው የሚሰማት፣ ገንቦ ሙሉ ብር ከሆነ ትንሽ ጠለቅ ይላል። ኮይሉ (ከማሽኑ ጫፍ ያለው ክብ የሽቦ ጥቅል) የማግኔት ሞገድ ወደ መሬት ይልካል፣ ከስር ያለው ብረት ውስጡ ኤሌክትሪክ ይዞርበትና መልሶ ሲግናል ይሰጣል፣ በቃ ይሄው ነው። የኛ ጣጣ መሬቱ ነው። ጎንደር የተቀመጠችው ባዛልት (ከእሳተ ገሞራ የወጣ ጥቁር ድንጋይ) ላይ ነው፣ አፈሩ ብረት ስለሚበዛበት ማሽኑ ባዶ መሬት ላይ ይጮሃል፣ ስለዚህ ግራውንድ ባላንሱን፣ ማለትም የአፈሩን ጩኸት የሚያጠፋውን ማስተካከያ፣ በእጅ የምታስተካክልበት ይሁን። ዲስክሪሚኔሽኑን (ሚስማርና ቁርጥራጭ ብረት እንዳይጮህ የሚያደርገውን) ደግሞ አታብዛው ሚስማር አጠገብ የተኛ ብር ያልፍሃል።

የአዘዞ ሰው፦
ማሽኑ ይቆይ መጀመሪያ ህይወትህን። ጣሊያን በመጨረሻ እጁን የሰጠው እኮ እዚሁ ጎንደር ነው ህዳር 1934፣ አዘዞም ቁልቋል በርም ውጊያ የነበረበት መሬት ነው። ዲቴክተር ጠገራ ብርና ያልፈነዳ የመድፍ ጥይት ለይቶ አይነግርህም፣ ትልቅና ጠንካራ ድምፅ ስትሰማ ደስ ብሎህ በዶማ እንዳትመታው በናትህ። ዝገት የበላው ሾጠጥ ያለ ነገር ካየህ አትንካው፣ ልጆች አርቅና ለፖሊስ ደውል።

እመቤት ዘቁስቋም፦
እኔ የምለው የራስህ እርሻም ቢሆን ቅርስ ፍለጋ ያለ ፈቃድ አይቻልም። አዋጅ 209/1992 ላይ በግልፅ አለ፣ ከቅርስ ባለስልጣን የፅሁፍ ፈቃድ ያስፈልጋል። እያረስክ ወይ ቤት ለመስራት መሰረት እያወጣህ ድንገት ያገኘኸው ግን ሌላ ነው፣ ወዲያው ማሳወቅ ነው ያለብህ፣ ላስረከበ ሰውም ተገቢው ሽልማት እንዲሰጠው ህጉ ይላል። ደግሞ አዘዞ እኮ የአፄ ሱስንዮስ ገነተ ኢየሱስ ቤተክርስቲያን ያለበት አገር ነው፣ የስፔን አርኪኦሎጂስቶች እዛ የቆፈሩት አፈሩን በየንብርብሩ እያነሱና እየመዘገቡ ነው፣ ሳንቲሟ ከምን ስር ከምን ጋር እንደተገኘች ካልታወቀ ያ ቤት መቼ እንደተሰራ መቼ እንደተቃጠለ ማንም ሊነግርህ አይችልም። እባክህ የፈረሰውን ቤት አትንካው፣ ከተማው ባህልና ቱሪዝም ሄደህ አሳያቸው። በጣም ነው የምለምንህ ያለን ቅርስ ይሄ ነው።

የቀሃ ልጅ፦
እሺ እህቴ ገብቶኛል፣ ቤቱን አልነካውም ሰኞ ቢሮ እሄዳለሁ፣ ማሽኑንም እንዲያቆየው እነግረዋለሁ። አንድ ጥያቄ ግን፣ አያቴ የተወችልን አንድ ጠገራ ብር ቤት አለ፣ 1780 ይላል። የዛን ዘመን ነው ማለት ነው? አጎቴ ደግሞ በሎሚና በአመድ እንሽው እያለ ነው።

ብረት ሰሚ፦
ኧረ እንዳታሹት! ከተፋቀ ሰብሳቢ ዋጋውን ይቀንስብሃል፣ በለብ ያለ ውሃ አለቅልቀህ በለስላሳ ጨርቅ አድርቀው። 1780 ብሩ ላይ ምስሏ ያለው የኦስትሪያዋ ገዢ ማሪያ ቴሬዛ በፈረንጅ አቆጣጠር የሞተችበት አመት ነው፣ ከዛ በኋላ የታተመው ሁሉ እሱኑ ቁጥር ይዞ ነው የወጣው፣ ጣሊያንም በወረራው ሰሞን ሮም ላይ አሳትሞታል፣ ስለዚህ በቁጥሩ ብቻ እድሜው አይታወቅም። የፋሲል ዘመን ሳንቲም ብሎ የሚሸጥልህ ካለ ደግሞ አትግዛ፣ የጎንደር ነገስታት ሳንቲም አላሳተሙም ገበያው በአሞሌ ጨውና በሚመዘን ወርቅ ነበር። ያንተን ወርቅ ቤት ወስደህ አስመዝነው፣ ትክክለኛው 28 ግራም አካባቢ ነው፣ ማግኔትም አስጠጋበት፣ ከሳበው ብር አይደለም።